የፍርሃት መንፈስ ነው ላልናችሁ ሁሉ

የዛሬው ጽሑፋችን ከወትሮው መረር ያለ ነው። ምሬቱ በቅድሚያ የሚያርፈው በእኛ በአገልጋዮች ላይ ስለሆነ ማንም አይቀየመን።

ነገሩ የልብ ነገር ነው። እኛ ሰባኪዎች "ልብ" ስንል ብዙውን ጊዜ ሐሳብንና ፈቃድን ማለታችን ነው። ዛሬ ግን የምናወራው በደረታችን ውስጥ ስላለችው፣ ጡጫ ስለምታህለው ሥጋ ነው። በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ትመታለች፤ እኛ ግን አንሰማትም። አንድ ሌሊት ግን ትሰማለች። ድው ድው ትላለች፤ ወይም አንዱን ምት የዘለለች መስላ ቀጣዩን እንደ በር ታንኳኳዋለች። ሰውየው አልጋው ላይ ቁጭ ይላል፣ ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ይቆጥራል። ከዚያች ሌሊት በኋላ ቀን ሥራ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ጸሎት ላይም ሳይቀር ጆሮው ወደ ውስጥ ነው። ልቡን ሲያዳምጥ ይኖራል።

እንዲህ የሚኖሩ ሰዎች በየአጥቢያችን አሉ። በአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ፣ በር አጠገብ የሚቀመጡት እነርሱ ናቸው። "ድንገት ቢመጣብኝ ለመውጣት ይቀለኛል" ብለው ነው። ብዙዎቹ ለማንም አይናገሩም፤ እንዳይናገሩ ያደረግናቸው ደግሞ እኛ ነን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህት ከእሁድ አምልኮ በኋላ ወደ ጸሎት ክፍላችን መጣች። የሁለት ልጆች እናት፣ በመዘምራን የምታገለግል ናት። "ሌሊት ሌሊት ልቤ ይደልቃል፤ ደረጃ ስወጣም እንደዚያው ነው። የምሞት ይመስለኛል" አለችን። ስንት ሰዓት እንደምትተኛ አልጠየቅናትም። ሐኪም አይቷት እንደሆነ አልጠየቅናትም። ባለቤቶቻችንን ጠርተን ሴት ለሴት እንዲጠያየቁ እንኳ አላደረግንም። እጃችንን ጫንንና የፍርሃትን መንፈስ በታላቅ ድምፅ ገሠጽን። "ተፈውሻለሁ በዪ" አልናት፤ አለች። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች፤ አሁንም ገሠጽን። በሦስተኛው ጊዜ፣ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፣ የተደበቀ ኃጢአት እንዳለባት ጠየቅናት። በአራተኛው አልመጣችም።

በኋላ እንደሰማነው እህታችን ከባድ የደም ማነስ ነበረባት። ደም ሲያንስ በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ክፍል ይጎድላል፤ ልብም የጎደለውን ለመሙላት ትሮጣለች። ደረጃ ስትወጣ የሚደልቀውም ለዚሁ ነበር። በአንድ ጤና ጣቢያ የተደረገ ቀላል የደም ምርመራና የተወሰኑ ወራት የብረት ክኒን የፈታውን ነገር እኛ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ጋኔን ስንሟገተው ቆየን።

የጠቀስንባት ጥቅስ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1:7 ነበር። ይህን ክፍል የነገረ መለኮት ኮሌጅ ውስጥ ከነዐውዱ ተምረነዋል፤ ለማላከክ አለማወቅ እንኳ የለንም። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ለአንድ ወጣት አገልጋይ እየጻፈ ነው። እዚያ ላይ ያለው ፍርሃት ፈሪነት ነው፤ ስለ ክርስቶስ ለመመስከርና በእስረኛው በጳውሎስ ለመታወቅ ማፈር። ቀጣዩን ቁጥር ማንበብ ብቻ ይበቃል። ስለ ሌሊት የልብ ትርታ አንዳች አልተናገረም። ይኸው ጢሞቴዎስ ደግሞ በመጀመሪያው መልእክት 5:23 ላይ ስለ ሆዱና ደጋግሞ ስለሚይዘው ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ የተመከረው ሰው ነው። ጳውሎስ የሆድ መንፈስ ነው ብሎ አልገሠጸውም። በዘመኑ ሰው እጅ ላይ የነበረውን መድኃኒት፣ ልኩንም ጭምር፣ ነገረው። "ጥቂት" ያለውን ልብ በሉልን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ፊልጵስዩስ 4:6ንም እንደ ዱላ ተጠቅመንበታል። "አትጨነቁ ተብሎ ተጽፏል፣ አንተ ትጨነቃለህ፤ ስለዚህ ትበድላለህ" የሚል ስሌት ነው። ታዲያ ጳውሎስ ራሱ በ2ኛ ቆሮንቶስ 11:28 ላይ ስለ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ዕለት ዕለት የሚከብድበትን ሐሳብ መከራዎቹን በቆጠረበት ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። በግሪኩ እዚያ ያለው "ሜሪምና" የሚለው ቃልና በፊልጵስዩስ "አትጨነቁ" የተባለበት ግስ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። አትጨነቁ ብሎ የጻፈው እጅ እጨነቃለሁ ብሎም ጽፏል። ፊልጵስዩስ 4:6 ለተጨነቀ ሰው የተዘረጋ እጅ ነው፤ እኛ ጨብጠን በቡጢ ሰጠነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ኃጢአታችን እንለፍ፤ እርሱ በጠርሙስ የታሸገ ነው።

ከእኛ ከመጋቢዎቹ አንዱ (ማን እንደሆነ ገምቱ፤ ዕድሜው ሃምሳን ካለፈ ቆይቷል) ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃ። ልቡ እየዘለለ ነው። በዚያው ወር "አትፍሩ" በሚል ርእስ አራት ተከታታይ ስብከት ሰብኮ ነበር። የአራቱም ማስታወሻ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ልቡ ግን አላነበበውም። እስኪነጋ ድረስ ሲቆጥር አደረ፤ ጠዋት ባለቤቱ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሙ በትዕግሥት ጠየቀው። "ፓስተር፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" "የለም" አለ። መዋሸቱ አልነበረም፤ መድኃኒት ብሎ አልቆጠረውም ነበርና ነው። ባለቤቱ ግን ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ "እነዚያ ጠርሙሶችስ?" አለች። በማግስቱ በፌስታል አድርጋ አመጣቻቸው፤ ስድስት ናቸው። ሁለቱ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጡ፣ ሦስቱን በጉባኤው ውስጥ የምትሸጥ እህት ያመጣችለት፣ አንዱን ከየት እንዳገኘው የማያስታውሰው። ሐኪሙ መነጽሩን አድርጎ ጀርባቸው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበበ። "ለጉልበት" የተባለው ዱቄት ውስጥ ጓራና አለ፤ ጓራና ደግሞ በራሱ ካፌን ያለበት ፍሬ ነው። "ስብ ለመቀነስ" የተባለው ውስጥ የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ አለ፤ እርሱም ካፌን አለው። በዚያ ላይ የመጋቢ ሕይወት አለ። በዚህች አገር መጋቢ ለጉብኝት ገብቶ ቡና ሳይጠጣ የሚወጣበት ቤት የለም። በአንድ ከሰዓት ሦስት ቤት ከገባና እያንዳንዱ ቤት ከአቦል እስከ በረካ ካስቀመጠው ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

አንደኛው ጠርሙስ ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰድ ባዮቲን ነበር። (ፀጉሩ ከሄደ ቆይቷል፤ ተስፋ ግን አልቆረጠም።) ባዮቲን በብዛት ሲወሰድ አንዳንድ የላቦራቶሪ ምርመራዎችን እንደሚያዛባ ሐኪሙ ነገረው። የታይሮይድ ውጤት የሌለ በሽታ ያለ ሊያስመስል ይችላል፤ የልብ ጡንቻ መጎዳቱን ለማወቅ የሚታዘዘውን ምርመራም ሊያሳስት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለዚሁ በ2017 እ.ኤ.አ. በይፋ አስጠንቅቋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠርሙሱ እንዲቆም፣ የታይሮይድ ምርመራው ከዚያ በኋላ እንዲደረግ ሆነ። ኢ.ሲ.ጂ. ተነሣ፤ የልብ አልትራሳውንድም ታየ። ልቡ ደህና ነው፤ አልፎ አልፎ ከጊዜው ቀድሞ የሚመጣ ተጨማሪ ምት አለ፣ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ የሚታይ ነው ተባለ። ከስድስቱ ጠርሙሶች አምስቱ ወደ ቆሻሻ ሄዱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መደለቁ በጣም ቀነሰ።

እንግዲህ እንሟገት። በጸሎት ቤቶቻችን ደጃፍ፣ በቤት ለቤት ኅብረት፣ በሴቶች ስብሰባ፣ በቴሌግራም የጸሎት ቡድን ሳይቀር እየተሸጠ ያለው ይህ ነገር ምንድን ነው? አሻሻጡስ ከማን የተወሰደ ነው? ሻጩ ይነሣና "እኔ እንዲህ ነበርኩ፣ ይህን ወሰድኩ፣ አሁን እንዲህ ሆንኩ" ይላል። ሰሚው በልማድ "አሜን" ለማለት ይቃጣዋል። ምስክርነታችንን ወሰዱት! ለጌታ ክብር የተሰጠው የንግግር መንገድ አሁን የካርቶን ማሻሻጫ ሆነ። ዘይትና ውኃ "ተቀብቷል" ብለው የሚሸጡትን ከመድረክ ስንኮንን ኖረናል፤ ደግ አደረግን። ታዲያ በዚያው አዳራሽ በረንዳ ላይ ደም ግፊትም፣ ስኳርም፣ ጉበትም፣ መካንነትም "ያድናል" የሚባል ጠርሙስ ሲሸጥ ዝም ያልነው ስለ ምንድን ነው? አንዳንዶቻችን በነጻ ስለተሰጠን ነው። ይህንንም ጽፈነዋል።

የሚሸጡትን እህቶችና ወንድሞች አንጠላቸውም። ብዙዎቹ ኑሮ የከበዳቸው፣ "ከሥርሽ አሥር ሰው ካስገባሽ" ተብለው ያላቸውን ጥሪት አውጥተው ካርቶን የገዙ ናቸው። ራሳቸውም ይወስዱታል፣ ከልባቸውም ያምኑበታል። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

"ተፈጥሯዊ ነው፤ ጉዳት የለውም" ይላሉ። ወገኖች፣ ጫትም ቅጠል ነው። ከአፈር የበቀለ፣ ማንም ፋብሪካ ያልነካው ቅጠል፤ ልብን እንደሚያስሮጥ የማያውቅ ግን የለም። ትምባሆም ተክል ነው። እንዶድም ተፈጥሯዊ ነው፤ ልብስ እናጥብበታለን እንጂ አንጠጣውም። ኮሶን የሚጠጡ አያቶቻችን ልኩን ያውቁ ነበር፤ ነፍሰ ጡርና ደካማ ሰውም አይደፍረውም ነበር። ኢፌድራ የሚባል ተክል በአሜሪካ ለጉልበትና ክብደት ለመቀነስ ሲሸጥ ኖሮ ለልብና ለደም ግፊት አደገኛ መሆኑ ስለታየ በ2004 እ.ኤ.አ. ከሰፕሊመንት ገበያ ታግዷል። እስከዚያ ድረስ እርሱም "ተፈጥሯዊ" ነበር።

"ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ እዚያ ተፈትኖ ነው የሚወጣው" ይላሉ ደግሞ። በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕሊመንት እንደ ምግብ ዓይነት ነው የሚቆጠረው፤ እንደ መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ፈዋሽነቱ በመንግሥት ተመርምሮ አይጸድቅም። ጠርሙሱ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለዚያ ነገር ምስክር አይሆንም። በዋሽንግተንና በዳላስ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ በፍቅር ሻንጣ እንደምትሞሉልን እናውቃለን፤ እናታችሁ የኩላሊት ሕመም እንዳለባት ግን ቫይታሚኑን ስትልኩ አስባችኋል? ለእናንተ ምንም የማያደርግ የማግኒዥየም ወይም የፖታሺየም ክኒን ኩላሊቱ ለደከመ ሰው በደም ውስጥ ይከማቻል። የፖታሺየም መብዛት ደግሞ ልብን እስከማቆም ይደርሳል። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ለጭንቀትና ለድብርት የሚሸጥ ዕፅ የዋርፋሪንን ጉልበት ያደክማል። ዋርፋሪን ማለት ሰው ሠራሽ የልብ በር የተገጠመላቸው ሰዎች ደማቸው በበሩ ላይ እንዳይረጋ የሚወስዱት ነው። የቅዱስ ስም ስለያዘ እንዳይመስላችሁ፤ ዕፅ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ቫይታሚን ሁሉ መርዝ ነው ለማለት አይደለም። ለእህታችን የብረት ክኒን አድኗታል። ግን ተመርምራ፣ ማነሱ ታውቆ፣ በልክ ተሰጣት። ጳውሎስ "ጥቂት" ያለው ለዚህ ነው። የጢሞቴዎስን ሆድ ያውቀው ነበር፤ ለመላው ኤፌሶን አልሸጠውም።

አሁን ከወንድሞች የሚመጣብንን ክስ እንስማ። "በእምነት የሚኖረውን ሕዝብ ወደ ሐኪም ትሰዳላችሁ፤ አሳ በሕመሙ ሐኪሞችን ስለፈለገ አልተወቀሰም ወይ?" 2ኛ ዜና 16:12ን እናውቀዋለን። ምዕራፉን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። አሳ በጦርነቱም እግዚአብሔርን ትቶ በሶርያ ንጉሥ ላይ ተደግፎ ነበር፤ ባለ ራእዩ ሲነግረውም ወኅኒ አገባው። እግሩን ሲያመውም ያንኑ ደገመ። የተጻፈበት ክስ እግዚአብሔርን አለመፈለጉ ነው። ሕዝቅያስ ደግሞ ጸለየ፣ አለቀሰ፣ አሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት፤ ኢሳይያስም የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ። ተስፋው ከሰማይ መጥቶ ሳለ ልጥፉ ለምን አስፈለገ ብሎ የጠየቀ የለም። ሉቃስ ሐኪም ነበር። ጥሮፊሞስ ሚሊጢን ላይ ታምሞ ቀረ፤ የተወው ጳውሎስ ነው፣ በእጁ ብዙ ተአምር የተደረገው ያው ጳውሎስ።

እኛስ የማን ልጆች ነን? በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽንን ቡድን እየመራ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የወረደው ቶማስ ላምቢ ሐኪም ነበር። አያቶቻችን የሚሲዮኑን ክሊኒክ ደጅና የጸሎት ቤቱን ደጅ በአንድ ግቢ ያወቁ ናቸው። መርፌና ወንጌል የተጣሉት በእኛ ዘመን ነው፤ ያጣላቸውም መድረክ ነው።

በፈውስ እናምናለን። ዘይት እንቀባለን፣ ያዕቆብ 5ን እንታዘዛለን፣ እግዚአብሔር የፈወሳቸውን በዓይናችን አይተናል። ነገር ግን ጌታችን ለምጻሞችን ሲፈውስ ሄደው ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ ነገራቸው። በሕጉ መሠረት መንጻቱን መርምሮ የሚመሰክረው ካህኑ ነበርና። ክርስቶስ የሠራው ፈውስ ምርመራን ካልፈራ የእኛ ለምን ይፈራል? በአገራችን በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚያበላሸው ሩማቲክ የተባለው በሽታ ብዙ ወጣቶቻችንን ይዟል። እነዚህ ልጆች በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋሉ፤ ያማል፣ ይሰለቻል፣ ዓመታትም ይፈጃል። የምናውቀው አንድ ወጣት በአንድ ጉባኤ ላይ "ዛሬ ተፈጸመ፤ ካርድህን ቅደድ" ተባለ። ቀደደ። ሕዝቡ እልል አለ። በዓመቱ አካባቢ ትንፋሽ አጥሮት፣ እግሩ አብጦ ሆስፒታል ገባ። በሕይወት አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ነገር ግን ልቡ እንደ ቀድሞው አይደለም። ካርዱን ቅደድ ያለው ሰው ሊጠይቀው አልመጣም። እልል ያልነው እኛም ለመሄድ ዘግይተናል።

መድኃኒታችሁን ከመድረክ በሚመጣ ቃል አታቁሙ። ለልብ ምት የሚሰጡት እንደ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ያሉት በድንገት ሲቆሙ ልብ ብሶባት ልትሮጥ ትችላለች፤ መቀነስ ካለባቸው ያዘዘው ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሳቸዋል። ከመደለቁ ጋር ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ደረታችሁን ካመማችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ሩጫ ወይም ሸክም ላይ ሳላችሁ ከመጣ፣ ወይም በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ እሁድን አትጠብቁ፤ እኛንም አትጠብቁ፤ ሂዱ። እየሄዳችሁ ደውሉልን፣ እንጸልያለን።

ሐኪም አይቶ "ልብህ ደህና ነው" ያለው ሰውስ? ፍርሃቱ በውጤት ወረቀት ወዲያው አይለቅም፤ ይህን ከዚያ ከወንድማችን ተምረናል። ጠርሙሶቹ ከተጣሉ በኋላ እንኳ ሲጸልይ ጣቶቹ ወደ አንገቱ ይሄዱ ነበር። ልጁ የገዛለት ሰዓት የልብ ምት ስለሚያሳይ በስብከት መካከል ሰርቆ ያየው ነበር፤ ጉባኤው ሰዓቱን የሚያከብር መጋቢ አገኘን ብሎ ተደሰተ። የነገሩን አሠራር ሐኪሙ አስረዳው። ሰው ሲፈራ አድሬናሊን ይለቀቃል፤ አድሬናሊን ልብን ያስሮጣል፤ የሮጠችው ልብ ደግሞ ሰውየውን የበለጠ ታስፈራዋለች። በራሱ ላይ የሚዞር ወፍጮ ነው። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ሽብር አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሶ ይወርዳል። ሲመጣ መሸሽ፣ መቁጠር፣ ስልክ ላይ በሽታ መፈለግ ወፍጮውን ያዞሩታል። አየሩን ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ "ይህን አውቀዋለሁ፣ ያልፋል" ማለት ያዘገየዋል። ሲደጋገምም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ መሄድ አለ፤ ሄዷል። መጋቢ ሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄደ ብሎ የሚያማ ካለ ይማ።

ኤልያስን አስቡት። በቀርሜሎስ ላይ እሳት ያወረደ ሰው ብዙም ሳይቆይ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር መልአክ ላከ። መልአኩ ስብከት ይዞ አልመጣም፤ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ይዞ መጣ። በላ፣ ተኛ። ዳግመኛ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ይበዛብሃልና ብላ አለው። ጥያቄው "በዚህ ምን ታደርጋለህ?" የመጣው ከእንቅልፉና ከእንጀራው በኋላ በኮሬብ ነው። እኛ ደግሞ ለደከመ ሰው ሦስት ቀን ደረቅ ጾምና የአዳር ጸሎት እናዛለን። ጾምን እናከብራለን፣ እንጾማለንም። ነገር ግን የስኳርና የግፊት ታማሚ ክኒኑን ትቶ፣ ውኃ ሳይጠጣ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ከቆየ በኋላ ልቡ ሲደልቅ "ውጊያው ተነሣ" ማለት ራሳችን የለኮስነውን እሳት በሰይጣን ማሳበብ ነው። ሰይጣን የራሱ በቂ ሥራ አለው።

መዝሙር 38ን ደግሞ ለእነዚህ ሰዎች ስጧቸው። ልቡ እንደምትናወጥበት፣ ጉልበቱም እንደተለየው ለእግዚአብሔር የሚናገር ሰው እዚያ አለ፤ ማንም አልገሠጸውም፤ ይልቁንም በጸሎት መጽሐፋችን ውስጥ ተጻፈለት። ስፐርጀንን የምትወዱ ስብከቱን ብቻ አትውደዱ። በ1856 እ.ኤ.አ. በለንደን ሲሰብክ "እሳት!" የሚል የሐሰት ጩኸት ተነሥቶ ሰባት ሰው ተረጋግጦ ሲሞት ዕድሜው ሃያ ሁለት ነበር። የዚያ ቀን ጠባሳ ዕድሜውን ሁሉ አብሮት ኖረ። እየተጨነቀ ሰበከ፤ እግዚአብሔርም ተጠቀመበት። ዛሬ በእኛ መድረክ ቢሆን "ነጻ እስክትወጣ አገልግሎት አቁም" ባልነው ነበር።

ያችን እህት ፈልገን ቤቷ ሄድን። ሁለት መጋቢዎችና የአንዳችን ባለቤት ነበርን። ቡና ተፈላ፤ አቦሉን ብቻ ጠጣን። ይቅርታ ጠየቅናት፤ የጠየቅናት ስለ ምን እንደሆነም ዘርዝረን ተናገርን፣ ስለ ሦስተኛው ሳምንት ጥያቄያችንም ጭምር። ዝም ብላ ሰማችን። በመጨረሻ፣ "ፓስተር፣ ያኔ የጸለያችሁት ጸሎት ውስጥ መንፈሱን ስትጠሩት ሰማሁ። የእኔን ስም ግን አልጠራችሁትም" አለች። የምንመልሰው አልነበረንም። ባለቤታችን ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠችና በስሟ ጸለየችላት።

በአጥቢያችን ሽማግሌዎች ተስማምተን የወሰንነውን እነሆ። በግቢያችን፣ በቤት ለቤት ኅብረታችንና በቴሌግራም ቡድናችን ከእንግዲህ ሰፕሊመንት አይሸጥም፤ በምስክርነት ሰዓትም አይነገርለትም። ካርቶኑ በእጃቸው የቀረባቸው ሻጮች ወደ እኛ ይምጡ፤ በየዋህነት እንነጋገራለን፣ በሚቻለን እንረዳለን። የፈውስ ምስክርነት ከሕክምና ጋር የተያያዘ ከሆነ ሰውየው ሐኪሙ ያየውን ውጤት ይዞ ይቅረብ። በጉባኤው ያሉ ሁለት ነርሶችና አንድ የፋርማሲ ባለሙያ በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ይቀመጣሉ። በቤታችሁ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ፣ ከሐኪም የታዘዘውንም፣ ከሻንጣ የወጣውንም፣ በፌስታል አድርጋችሁ አምጡ። ማንም አይሣቅባችሁም። የፀጉሩን ጠርሙስ ያመጣ መጋቢ ነበረና።

እህታችን ካለፈው ወር ጀምሮ ተመልሳለች። መዘምራን ውስጥ ገና አልገባችም። የምትቀመጠው ከኋላ፣ በር አጠገብ ነው፤ አስተናጋጆቹ ያንን ወንበር እንዲያስቀምጡላት ተነግሯቸዋል።